የ«ደግሞ» ዕዳ

በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ጳጉሜን ላይ በረዶ ወረደ። ገብሱን ከነእሸቱ አነጠፈው። ከበረዶ የተረፈውን ጥቅምት ላይ ውርጭ መታው። ኅዳር ላይ ከብት ማለቅ ጀመረ። ከአራት በሬዎቻችን አንድ ቀረ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ጥር ላይ አያቴ ሞተች። ተዝካሯ አልወጣም፤ የሚወጣበት እህል አልነበረም።

አገራችን ከሉማሜ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ከመንደራችን በላይ ባለው ጉብታ ጣሊያን ምሽግ ሠርቶ ነበር። ምሽጉ ውስጥ ዳቦ ይጋገራል። ጠዋት ጠዋት ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር ሽታው ይመጣል። ሕፃናት በዚያን ሰዓት ያለቅሱ ነበር።

የካቲት ላይ አዋጅ ተነገረ። ልጁን ወደ ጣሊያን ትምህርት ቤት የላከ ሰው በየቀኑ አንድ ጣሳ የፉርኖ ዱቄት ያገኛል።

«ልጄን ለባንዳ አልሰጥም» አለ አባቴ እንዳላማው።

እናቴ የብርጓል ተነሥታ የጎተራውን ክዳን ከፈተች።

«እንግዲያ ይኸን ልጋግርልዎ?» አለችው።

ጎተራው ውስጥ ገለባ ነበር። ከገለባው ሥር የአባቴ ውጅግራ ተኝቷል። በደግ ዓመት ያንን አሮጌ ጠብመንጃ ገብስ ይሸፍነው ነበር። በዚያ ዓመት ሽፋኑ ገለባ ብቻ ሆነ። አባቴ ጎተራውን አየ፤ እናቴን አየ። በማግስቱ ሄድሁ። ያን ጊዜ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ትምህርት ቤቱ የአንድ ባላባት አዳራሽ ነበር። ባላባቱ ሸፍቶ ጫካ ገብቷል። ሠላሳ ስምንት ልጆች ነበርን። ብዙዎቻችን ከቄስ ትምህርት ቤት የመጣን ነን። እኔ ዳዊት ጀምሬ ነበር፤ አልጨረስሁም። ዛሬም አልጨረስሁም።

መምህሩ ፍቅረ ሥላሴ ይባላል። ሱሪ ለብሶ ከላይ ነጠላ ያጣፋል። ዐሥር ዓመት ምጽዋ ወደብ ላይ ዕቃ ሲያወርድ ጣሊያንኛ ለመደ አሉ። ከዚያ በፊት ምን እንደ ነበር የሚያውቅ የለም። ለምሽጉ አዛዥ ለካፒቴኑ ያስተረጉማል፤ እኛን ያስተምራል። መንደሩ ባንዳ ይለዋል። እኛ ከልማድ የተነሣ የኔታ እንለው ነበር።

አንድ መጽሐፍ ነበረው። ስለ ምድርና ስለ ውሃ፣ ስለ አውሬና ስለ ዕፅዋት የሚናገር፣ ሥዕል ያለበት፣ ለጣሊያን ልጆች የተጻፈ። መጽሐፉን እያየ በአማርኛ ይነግረናል። ችግሩ የመጣው ከአማርኛው ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት «መሬት ትዞራለች» አለን።

ተያየን። ባዘዘው የሚባል ልጅ እጁን አነሣ።

«የኔታ፣ ወደ ማን?»

«ወደ ማንም አይደለም። ዝም ብላ ትዞራለች።»

በእኛ አገር መሬት በዘመድ መካከል ይዞራል። ዘንድሮ የአጎትህ የነበረ ለከርሞ በዕጣ ወደ አንተ ይዞራል። የባዘዘው አባት ደግሞ ከወንድማቸው ጋር ስለ አንድ ማሳ ስምንት ዓመት ተሟግተዋል። ባዘዘው ቤቱ ሲገባ የሰማውን ተናገረ። ሰውየው በማግስቱ ዱላቸውን ይዘው አዳራሹ በር ላይ ቆሙ።

«መሬት ትዞራለች ብለሃል አሉ።»

«ብያለሁ።»

«መቼ ነው የምትዞረው?»

«ሁልጊዜ። አሁንም እየዞረች ነው።»

«ማን ፈረደ?»

«ማንም አልፈረደም፣ አባቴ። በራሷ ነው።»

«በራሷ!» አሉ ሰውየው። ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያ እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ለዳኛ ዶሮ የተሸከምሁት ምን ሆኜ ነው?»

ሰውየው ወደ ወንድማቸው ቤት ሄዱ። ፍርድ ተሰጥቷል ብለው ማሳው ላይ ሊቆሙ ሲሉ ጎረቤት ገላገለ።

በሁለተኛው ሳምንት ሕይወት ያለውንና የሌለውን ነገር መለየት ተማርን። ሕይወት ያለው ነገር ይበላል፣ ያድጋል፣ ይተነፍሳል፣ ይወልዳል፣ ይሞታል። በቃላችን አስያዘን።

ማንጠግቦሽ ተነሣች። የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ከእኔ በአንድ ዓመት ታንሳለች። ምላሷ ግን ከእኔ በዐሥር ዓመት ይበልጣል።

«የኔታ፣ እሳት ሕይወት አለው?»

«የለውም።»

«እንጨት ይበላል።»

«ይበላል፣ ግን...»

«ያድጋል። ትንፋሽ ሲያጣ ይሞታል። አመድ ይወልዳል።»

ልጆቹ ሁሉ «ይወልዳል!» አልን። እሳት አመድ እንደሚወልድ ያልሰማ ልጅ በጎጃም የለም። ከአባቱ ያነሰ ልጅ ሁሉ በዚያ ተረት ይሰደባል።

መምህሩ መጽሐፉን ዘጋ። ከጉልቻው ከሰል አንሥቶ ወደ ግድግዳው ሄደ። ሁለት ሕግ ጻፈ።

አንድ ቃል፣ አንድ ነገር።

ያልደረስንበትን ቃል መናገር ክልክል ነው።

«እናንተ ከደብር የመጣችሁ ናችሁ» አለ። «አንዱን ቃል ሁለት ካልሰነጠቃችሁት አይጥማችሁም። እዚህ እንደዚያ የለም። ሕጉን ያፈረሰ አንድ አለንጋ ዕዳ አለበት። ዕዳ የሚከፈለው ዓርብ ነው።»

አለንጋው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ማን ስንት እንዳለበት አይጽፍም፤ በቃሉ ይይዘዋል። አንድም ቀን አልረሳም።

ከዚያ ወዲያ መከራችን በዛ። «ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳል» ሲለን ሠላሳ ሰባታችን ዞረን ጥሩብርሃንን አየነው። ጥሩብርሃን አንካሳ ነበር። «ብርሃን በጣም ፈጣን ነው» ሲለን ሳቅን። ሰባት ልጆች ዕዳ ገቡ። ብርሃን የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ስለ ሆነ ልጁን ከዚያን ቀን ጀምሮ «ጥሩ» ብቻ ብለን ጠራነው። እናቱ «የስሙን ግማሽ ማን ወሰደው?» እያሉ ደጅ ለደጅ ጠየቁ።

ቤትም ሰላም አልነበረም። አንድ ቀን ማታ እናቴ «ና ብላ፣ ነፍስህ አልደከመችም?» አለችኝ።

«ነፍስ ገና አልደረስንም» አልኋት።

በጥፊ አለችኝ።

ሚያዝያ ላይ መምህሩ ማግኔት አመጣ። ቅርጹ የፈረስ ኮቴ ይመስላል፤ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። መርፌ አስጠጋበት። መርፌው ዘሎ ተለጠፈ። የቄሱ ልጅ አማተበ። እኔ አላማተብሁም። ማግኔቱን ፈለግሁት። ከዚያ በፊት ከእንጀራ በቀር ምንም ነገር እንደዚያ ፈልጌ አላውቅም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሌሎቹ ዱቄት ሲቀበሉ ከሣጥኑ አነሣሁትና ደረቴ ውስጥ ከተትሁት። ቅዳሜ አባትና እናቴ ለቅሶ ሄዱ። ቤቱ የእኔ ሆነ። ማረሻውን ነካሁ፤ ያዘው። ምሳሩን ነካሁ፤ ያዘው። የማተቤን የብር መስቀል ነካሁ፤ አልያዘውም። የመዳብ ድስቱን ነካሁ፤ አልያዘውም። የቀረ ነገር አልነበረም፤ ከጎተራው በቀር።

ገለባውን ገለጥሁ። ውጅግራው ሞራ ተቀብቶ በአጎዛ ተጠቅልሏል። አፈሙዙን ነካሁት። ማግኔቱ ቀጭ ብሎ ተጣበቀ፤ ላስለቅቀው ታገልሁ። ሰደፉን ነካሁት። ሰደፉ እንጨት ነው፤ አልያዘውም።

ግማሹ ብረት ነው፣ ግማሹ ብረት አይደለም አልሁ በልቤ። ትልቅ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። ለማንም አልተናገርሁም።

ሰኞ ከሁሉ ቀድሜ ደርሼ ማግኔቱን ሣጥኑ ውስጥ መለስሁ። መምህሩ ገባ። ማግኔቱን አነሣው። አየው። አሸተተው። ሞራው ላይ አንድ ሰበዝ ገለባ ተለጥፎ ነበር። ገለባውን በጥፍሩ አነሣና ጣለው። ከዚያ ልጆቹን አንድ በአንድ ተመለከተ። ዓይኑ እኔ ላይ ሲደርስ ፊቴን አላየም፤ ጣቶቼን አየ። በነጠላው ጫፍ ማግኔቱን ጠርጎ አስቀመጠው።

እሑድ ገበያ ላይ አዋጅ ተነግሮ ነበር። ብረት ያለው ሁሉ እስከ ዓርብ ያስረክብ። ከዓርብ በኋላ ብረት የተገኘበት ይሰቀላል። በእኛ አገር ብረት ማለት ጠብመንጃ ነው። እገሌ ብረት አለው ከተባለ ማረሻ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከወንዙ ማዶ ካለው ሾላ ላይ አስቀድሞ ሁለት ሰው ተሰቅሎ ነበር።

አባቴ አላስረከበም። እሳቱ ዳር ተቀምጦ እኔን እያየ ለእናቴ ተናገረ።

«ይህ ልጅ አፉን ከከፈተ አንገቴ ሄደ።»

«እሱ የተማረውን ብቻ ነው የሚናገር» አለች እናቴ።

ሰኞ የተማርነው ብረት ነው። ማክሰኞም ብረት ነው። ረቡዕም ሌላ ትምህርት አልነበረም።

«ብረት ምንድነው?»

«ማግኔት የሚስበው!»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም!»

ባዘዘው ረስቶ «ብረትማ ጠብመንጃ ነው» አለ። ይህ ልጅ ዓርብ አልተጠበቀለትም። እዚያው ተገረፈ። መምህሩ እንደዚያ አድርጎ ሲመታ አይቼ አላውቅም።

«ጠብመንጃ ደርሰናል?» አለ።

«አልደረስንም!» አልን።

ሐሙስ ጠዋት ካፒቴኑ መጣ። ቀጭን ሰው ነበር። አምስት የአማርኛ ቃል ያውቃል። ዶሮ፣ እንቁላል፣ ና፣ ሂድ፣ ጠብመንጃ። ከአዋጁ ወዲህ ከመንደሩ የገባለት ጠብመንጃ አልነበረም። ልጅ አይዋሽም ብሎ ነው ወደ እኛ የመጣው። ጥቂት በጣሊያንኛ ተናገረ። ወደ መምህሩ አየሁ። ፊቱ ላይ ምንም የሚነበብ ነገር የለም።

«ካፒቴኑ የሚሉት እንዲህ ነው» አለን። «ቤቱ ብረት ያለ እጁን ያንሣ።»

ሠላሳ ስምንት እጅ ተነሣ።

ካፒቴኑ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ፊቱ እንደ ሙሽራ ፊት በራ። በጣሊያንኛ ብዙ ተናገረ፤ እጁን ወደ ዱቄት ቤቱ ዘረጋ።

«ለእያንዳንዱ ብረት ሁለት ጣሳ ዱቄት ይሰጣል» አለ መምህሩ። ጮክ ብሎ ነው የተናገረው፤ በር ላይ የቆሙት አስካሪ የሚባሉት ሐበሻ የጣሊያን ወታደሮች፣ የዱቄት ጠባቂውም ሰሙ። «ሂዱ። እስከ ቀትር አምጡ።»

በሩ ጠበበን። ጥሩብርሃን በዱላው እየዘለለ ሁላችንንም ቀደመ። ፈጣን መሆኑን ያን ቀን አመንሁ።

አባቴ ቤት አልነበረም፤ ለበሬያችን ጥንድ የሚሆን መቀናጆ ፍለጋ ወጥቷል። እናቴ ማረሻውን ከሞፈሩ ስፈታ አገኘችኝ።

«ምን ልታደርገው ነው?»

«ካፒቴኑ ብረት አምጡ አለ። ለአንድ ብረት ሁለት ጣሳ።»

እናቴ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ብረት ምንድነው ብለው አስተማሩህ?»

«ማግኔት የሚስበው። ሌላ የለም።»

አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። ከጥር ወዲህ ስትስቅ ያን ቀን ሰማሁ። ምሳሩን፣ ሁለቱን ማጭድና መርፌዋን ራሷ አቀበለችኝ።

ስወጣ ጎተራው አጠገብ ቆምሁ። ሕጉ ሕግ ነው። አፈሙዙ ብረት ነው። ሰደፉ ግን አይደለም። ግማሽ ብረት ስንት ጣሳ እንደሚያወጣ አልተነገረንም። ግማሹን ነቅሎ መውሰድም አልችልም። ትቼው ሄድሁ። አባቴን ያን ጊዜ ያተረፈው ይህ ብቻ ነው። ከአእምሮዬ አልነበረም።

ቀትር ላይ ካፒቴኑ ጠረጴዛ አስወጥቶ ተቀምጧል። ጠብመንጃ የሚጭኑ አራት በቅሎዎች ቆመዋል። እኛ ተራ ገባን። ማረሻ መጣ። ድጅኖ፣ ምሳር፣ ማጭድ፣ የበቅሎ ልጓም፣ የተሰበረ ቢላዋ መጣ። ጥሩብርሃን የዱላውን ጫፍ ብረት ነቅሎ አመጣ። ማንጠግቦሽ የመጣችው ከሁሉ በኋላ ነው። መንደሩን ዞራ ዐሥራ አንድ መርፌ ሰብስባለች። ጨርቅ ላይ ደርድራ ከካፒቴኑ ፊት ዘረጋችው።

«ሃያ ሁለት ጣሳ» አለች።

ካፒቴኑ መርፌዎቹን አየ። ማረሻዎቹን አየ። ጮኸ። መምህሩ መጽሐፉን ከፍቶ አቀረበለት፤ ከሥዕሉ ላይ ጣቱን አደረገ። ማግኔቱን አንሥቶ የእኛን ማረሻ ነካ። ማረሻው ብድግ አለ። ሌሎቹንም አንድ በአንድ ነካቸው፤ ሁሉም ብረት ናቸው። አንድ አስካሪ ሳል ይዞት ፊቱን አዞረ። ሳል እንዳልነበረ ትከሻው ተናገረበት።

ካፒቴኑ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። አንድ ስም አጣሞ አነበበ። ስሙ እንዳላማው ነበር። ማን እንዳስጻፈው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የእንዳላማው ልጅ ማነው ተባለ። ቆምሁ።

«በቤታችሁ ያለውን ብረት ሁሉ ቁጠር ይሉሃል» አለ መምህሩ። «አንድም እንዳታስቀር ይሉሃል።»

ውሸት ኃጢአት ነው። ይህን የተማርሁት ከሁለቱም ትምህርት ቤት ነው።

«ማረሻ» አልሁ። «ምሳር። ማጭድ፣ ሁለት ነው። የእናቴ መርፌ...»

ስለ ግማሹ ማሰብ ጀመርሁ። ግማሽ ይቆጠራል? አፈሙዙን ብቻ ብናገር?

«ደግሞ...» አልሁ።

«ቁም!» አለ መምህሩ። «ደግሞ ብረት ነው?»

«እ?»

«ደግሞ የምትለው። ማግኔት ይስበዋል?»

አሰብሁ። «አይስበውም፣ የኔታ።»

«ብረት ቁጠር ተባልህ፣ ብረት ያልሆነ ቆጠርህ። አንድ አለንጋ ዕዳ አለብህ። ነገ ትከፍላለህ። አፍህን ዝጋ።»

ዘጋሁ። ካፒቴኑ ግን ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ አጎነበሰ። አስተርጓሚ አልፈለገም። ከአምስቱ ቃሎቹ አምስተኛውን አወጣ።

«ጠብመንጃ?» አለኝ።

በቅሎዎቹም ጆሯቸውን ያቆሙ መሰለኝ። አባቴ በዓይነ ኅሊናዬ ከወንዙ ማዶ ካለው ሾላ ሥር ቆሞ ታየኝ።

ማንጠግቦሽ እጇን አነሣች።

«ጌታዬ፣ ጠብመንጃ ገና አልደረስንም!»

«አልደረስንም!» አልን ሠላሳ ስምንታችን፤ እንደ ለመድነው፣ በአንድ ድምፅ።

አስካሪዎቹ ከዚያ በላይ አልቻሉም። አንዱ መሬት ላይ ተቀመጠ። መምህሩ ያልነውን ቃል በቃል ለካፒቴኑ ተረጎመለት። ካፒቴኑ መጽሐፉን ከመሬት ፈጠፈጠው፤ በአንድ እግሩ ረገጠው። አንድ ነገር ተናግሮ በቅሎው ላይ ወጣ።

«ነገ ጠዋት ቤት ለቤት ይፈተሻል ብለዋል» አለ መምህሩ። ፍተሻ ደርሰን አናውቅም። ያን ጊዜ ግን ማንም ስለ ሕጉ አልተናገረም።

ካፒቴኑ ከኮረብታው ሲያልፍ መምህሩ ወደ ዱቄት ጠባቂው ዞረ።

«ትእዛዙን ሰምተሃል። ለእያንዳንዱ ብረት ሁለት ጣሳ።»

«ይሄ ሁሉ?» አለ ጠባቂው።

«ቁጠር። ማግኔቱ ያውልህ፤ የተጠራጠርኸውን ፈትን።»

ጠባቂው ሰነፍ ሰው ነበር፤ ትእዛዝ ግን ያከብራል። እስኪጨልም ድረስ ሰፈረ። ማንጠግቦሽ ሃያ ሁለቱን ጣሳ ተቀበለች። ከእያንዳንዱ መርፌ አንድ ጣሳ ለመርፌዋ ባለቤት ሰጠች፤ ዐሥራ አንዱን ለእናቷ ወሰደች። ብረቱንም ዱቄቱንም ይዘን ገባን። መንደሩ በዚያን ሌሊት ጠግቦ ተኛ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል መምህሩ በደጃችን አለፈ። አባቴ ተመልሶ ደጁ ላይ ቆሟል። ሰላምታ አልሰጠውም።

«እንዳላማው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ምነው?»

«ጎተራዎ ገለባ በዝቶበታል ሲሉ ሰማሁ» አለ መምህሩ። «ነገ ጠዋት ነፋስ ሊነሣ ነው። ፍሬ ካለው ዛሬ ቢወጣ ይሻላል።»

ሳይቆም መንገዱን ቀጠለ። አባቴ ከኋላው አየው።

«ይህ ሰው ቅኔ ያውቃል» አለ። ወደ እኔም ዞረ። «ከዛሬ ጀምሮ ያን ሰው አንቱ በለው።»

ስለዚህ ከዚህ በታች አንቱ እላቸዋለሁ።

አባቴ ውጅግራውን ይዞ በዚያው ሌሊት ወደ ዓባይ በረሃ ወረደ። ጠዋት ወታደሮች መጥተው ጎተራውን በሳንጃ ወጉት። ገለባው ቦንኖ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ሌላ ነገር አላገኙም።

ትምህርት ቤት ስደርስ አዳራሹ ክፍት ነው። የኔታ የሉም። ማግኔቱም የለም። አለንጋው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ዓርብ ነበር። ዕዳዬን ልከፍል መጥቼ ተቀባይ አጣሁ። እስከ ቀትር ጠብቄ ተመለስሁ። ከእርሳቸው በኋላ ትምህርት ቤቱ አልተከፈተም። ሁለቱ ሕጎች ግን የክረምት ዝናብ ጣሪያውን አፍርሶ እስኪያጥባቸው ድረስ ግድግዳው ላይ ቆዩ።

በሠላሳ ሦስት ጣሊያን ወጣ። አባቴ በደኅና ገባ፤ ዐሥራ አራት ዓመት ኖሮ በአልጋው ሞተ። ውጅግራውን ለእኔ ተወልኝ። አገባሁ፤ ወለድሁ። ጺሜ ሸበተ። ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ሆኜ እቀመጥ ጀመር። በሸንጎ ተነሥቼ ስናገር «ደግሞ» ያልሁ እንደ ሆነ ንግግሬ ይቋረጣል። ሰው ያሰብሁ ይመስለዋል። እኔ ዕዳዬ ትዝ ብሎኝ ነው።

በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ አንድ የቆሎ ተማሪ ደብረ ኤልያስ ስላሉ የቅኔ መምህር ሲያወራ ሰማሁ። ዓይናቸው አያይም አለ። በወጣትነታቸው ምጽዋ ነበሩ አለ። ተማሪ ሲያጠፋ ዕለቱን አይመቱም፤ ዓርብ ትከፍላለህ ይላሉ አለ።

ቀን ቆጠርሁ። በቅሎዬን ጫንሁ። ዓርብ ጠዋት እንድደርስ አድርጌ ሄድሁ።

ከአንድ ወይራ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ተማሪዎች ከብበዋቸዋል። አንድ ተማሪ ቅኔውን ተቀኘ። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከዚህ ቃል አንድ ነገር ብቻ ነው ያገኘኸው? ሁለተኛው የት ሄደ? በአንድ ቃል አንድ ነገር ብቻ የሚያይ ሰው ምን ሊሆን ደብር መጣ? አንድ አለንጋ ዕዳ አለብህ።»

ሳቅሁ። አልቻልሁም።

«ማነው የሚስቀው?» አሉ።

«የእንዳላማው ልጅ ነኝ፣ የኔታ። አንሙት እባላለሁ።»

ተማሪዎቹ አዩኝ።

«ምን አመጣህ?»

«ዕዳ አለብኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ዓርብ ነው።»

«ቅረብ። በመጀመሪያ የጀመርኸውን ጨርስ። ሰው ንግግሩን በ‹ደግሞ› አያቆምም። ማረሻ አልህ፣ ምሳር አልህ፣ ሁለት ማጭድ አልህ፣ መርፌ አልህ። ደግሞ ምን?»

«ደግሞ በገለባው ሥር አንድ ውጅግራ» አልሁ። ከትከሻዬ አውርጄ በእጃቸው አስያዝኋቸው።

ጣታቸው በአፈሙዙ ላይ ሄደ። «ይህ ብረት ነው» አሉ። ወደ ሰደፉ ወረደ። «ይህ አይደለም።»

«ግማሹ ነው፣ የኔታ።»

«ግማሹ» አሉ። ጣታቸውን አሸተቱ። «አሁንም በሞራ ነው የምትቀባው።»

ውጅግራውን መለሱልኝ። እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ፤ አንድ ተማሪ አለንጋውን አቀበላቸው። ጋቢዬን አውልቄ ተንበረከክሁ። አርባ አምስት ዓመቴ ነበር። አንዱ ትንሽ ተማሪ አፉን በእጁ ያዘ።

«ስለ ምን እንደምትመታ ታውቃለህ?»

«ብረት ቁጠር ስባል ብረት ያልሆነ ቆጥሬ።»

«ደግ» አሉና መቱኝ።

ለወጉ ያህል የሚነኩኝ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ዓይናቸው ቢጠፋም ክንዳቸው ደኅና ነው።

«ተከፈለ» አሉ።

ጉልበታቸውን ስሜ ተነሣሁ። እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ ጀርባዬ ይለበልበኝ ነበር።